ክረምት ሳይገባ መድረስ ያለበት ሕክምና

አንባቢ ሆይ፤ በከተማ ለሚኖር ሰው ክረምት ማለት ጃንጥላና የዝናብ ካፖርት፣ ቢበዛም የጭቃ ጫማ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ ግን ክረምት ማለት መንገድ የሚዘጋበት ወራት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ይሞላሉ፤ የፎገራም ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። በዚህ ወራት የታመመን ሰው ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ መሸከም፣ ወንዙም እስኪጎድል ከዳር ቆሞ መጠበቅ የግድ ይሆናል። በሽታው ግን ወንዝ እስኪጎድል አይጠብቅም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በዚህ አገር ሕክምና ከክረምት ጋር ሲታገል እንዴት እንደ ቆየ በአጭሩ እንመለከታለን።

ነገሩን ከ1858 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን ይዘው በጣና ዳር ሰፍረው ነበር። በዚያው ዘመን በብዙ አገሮች ተዛምቶ የነበረው ኮሌራ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በሰኔ ወር፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ገባ፤ ብዙ ሰውም ፈጀ። በዚያ ጊዜ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር መጥቶ በግዞት የተያዘ ሄንሪ ብላን የሚባል ሐኪም ነበረና፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ምክር ጠየቁት። ሐኪሙም የሐይቁን ዳር ለቀው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ፣ ሕሙማኑን ከሰፈሩ ርቀው በተዘጋጀ ስፍራ እንዲያኖሩ፣ ሠራዊቱን በሜዳው ላይ አራርቀው እንዲያሰፍሩ፣ አዲስ የሚታመመውንም ለብቻው እንዲለዩ መከራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ምክሩን ተቀብለው ወደ ደብረ ታቦር አገር ወጡ፤ በሽታውም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እየቀነሰ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ኮሌራ ከክፉ አየር የሚመጣ ነው የሚል እምነት ገና አልጠፋም ነበር። እርግጥ ነው፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም በ1846 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በሽታው በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ አሳይቶ ነበር፤ ሮበርት ኮኽ ተሕዋሱን ለይቶ ያስታወቀው ግን በ1876 ዓ.ም. ነው። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር ለኮሌራ የሚሰጥ የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም። የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈው የሚዋጥ ክኒን ሳይሆን፣ ሕመምተኛን ከጤነኛ የለየና ከተበከለ ውሃ ያራቀ ሥርዓት ነው። ሥርዓት ደግሞ በቶሎ የሚያዝ ሰው ካለ፣ ሐኪም ቤት በሌለበትም ስፍራ ሊፈጸም ይችላል።

ከዚህ በኋላ ወደ 90 ዓመት ያህል አልፎ በ1946 ዓ.ም. ከጣና ሰሜን በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 7,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተመዝግቧል። ይህ እልቂት መንግሥትን ከባድ ጥያቄ ላይ ጣለው። በትላልቅ ከተሞች ጥቂት ሐኪሞች ቢኖሩም፣ ለደንቢያ ገበሬ በጊዜው የደረሰለት አልነበረም። መልሱ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። ትምህርት ቤቱ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አንዱ በሽተኛውን ያክማል፤ ሁለተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፤ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል።

ሥራው ግን ገና ከጅምሩ ተፈተነ። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ዝናቡ ከልማዱ በዝቶ፣ ሙቀቱም ጨምሮ፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ወጣ። 3,000,000 ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከዚህ ወሰን በላይ ናት፤ ነገር ግን የደጋው ሰው ወደ ፎገራ ለሥራ ሲወርድ በሽታው ይይዘዋል። በደጋውም ቢሆን፣ ቅዝቃዜው ሰውን በአንድ ጎጆ ሲሰበስብ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ መንገድ ያገኛሉ።

ዛሬ ሁኔታው በብዙ ተለውጧል። በ1963 ዓ.ም. በቤንጋል የስደተኞች ሰፈር ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ለኮሌራ ሕሙማን ከጨው፣ ከስኳርና ከሶዳ የተበጠበጠ ውሃ በአፍ ቢያጠጣ፣ ከመቶው 30 ያህል ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ይህ እኛ ኦ.አር.ኤስ. የምንለው ነው፤ ጎርፍ በዘጋው መንደር እናት ራስዋ በጥብጣ የምታጠጣው። በ1990ዎቹም ዓመታት አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች በጤና ኬላ እንዲቀመጡ ተደረገ። ወንዙ ሲሞላ እነርሱ ከሕዝቡ ጋር ከወዲያ ማዶ ናቸው።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ባዶ መደርደሪያ ይዛ የተቀመጠች ሠራተኛ ምን ልታደርግ ትችላለች? እዚህ ላይ ነገሩ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ወደ እኛ ወደ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ይመጣል። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚብተው ሐምሌ 1 ቀን፣ በክረምቱ መካከል መሆኑ የታወቀ ነው። በአዲሱ በጀት ይገዛል ተብሎ የተቆየ መድኃኒት ጨረታው ወጥቶ፣ ፊርማው ተሟልቶ፣ መኪናው እስኪጫን ድረስ ክረምቱ ያልፋል። በሚያዝያ ሊፈረም የሚገባው ወረቀት በሰኔ ቢፈረም፣ በመዝገብ ላይ የሁለት ወር መዘግየት ብቻ ነው፤ ከርብ ማዶ ላለች አንዲት እናት ግን የልጇ ሕይወት ነው። ብላን ለዐፄ ቴዎድሮስ የሰጠው ምክር የጠቀመው ሰዓቱ ሳያልፍ ስለ ተፈጸመ ነበር። በጠረጴዛችሁ ላይ ለገጠር ጤና ኬላ የሚሄድ የመድኃኒት ማዘዣ ካለ፣ ወንዞቹ ሳይሞሉ አሳልፉት።