የመልስ መንገድ፤ የኢንቨርስ ፋንክሽንና የዳግም ዘር ታሪክ

በአልጀብራ ትምህርት ተማሪን ከሚያሰናክሉት ነገሮች አንዱ ሂሳቡ ራሱ ሳይሆን ሂሳቡ የሚጠራበት ስም ነው። ለዚህም በኢትዮጵያና በጅቡቲ ትምህርት ቤቶች መካከል የሚታየው የአንድ ቃል ልዩነት ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በጅቡቲ የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከወላጆቹ ጋር በጅቡቲ ከተማ በሃያብለ ሰፈር ተቀምጦ ትምህርቱን የሚቀጥል ልጅ፣ በቤቱ አማርኛ እየተናገረ፣ ትናንት በእንግሊዝኛ የተማረውን ዛሬ በፈረንሳይኛ ይፈተናል ማለት ነው።

ይህ ልጅ በእንግሊዝኛ «ኢንቨርስ ፋንክሽን» ሲባል የተማረው፣ አንድ ፋንክሽን የሠራውን አፍርሶ ወደ መነሻው የሚመልሰውን ፋንክሽን ነው። በፈረንሳይኛ ግን «ፎንክሲዮን አንቬርስ» ማለት አንድን ቁጥር ተቀብሎ 1 ለዚያ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘውን የሚሰጥ ፋንክሽን ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። በእንግሊዝኛ «ሬሲፕሮካል» የሚባለው 1 ለቁጥሩ ሲካፈል የሚገኘው ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ «ረሲፕሮክ» የሚባለው ወደ መነሻው የሚመልሰው ፋንክሽን ነው። ሁለቱ ቃላት ቤት እንደ ተለዋወጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ በድሮው አድራሻ የሄደ እንግዳ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

ችግሩን በቁጥር እንየው። «ቁጥሩን በ2 አባዛ፤ ከዚያ 6 ጨምር» የሚል ፋንክሽን እንውሰድ። የሚገባውን ቁጥር ሀ፣ የሚወጣውን ለ ብንለው፣ ለ = 2ሀ + 6 ይሆናል። 2 ሲገባ 10 ይወጣል። በእንግሊዝኛ የተማረው ልጅ ኢንቨርሱን ፈልግ ቢባል በመጀመሪያ 6 ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ለ2 ያካፍላል፤ 10 ሲገባለት 2 ይመለስለታል። በፈረንሳይኛ ለተማረ መምህር ግን «አንቬርስ» ሲባል የሚታየው 1/(2ሀ + 6) ነው፤ 2 ሲገባም የሚወጣው 1/10 ነው። ሁለቱም ልክ ሠርተዋል፤ የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱት። የፈተናው ወረቀት ግን ይህን አይናገርም። ልጁ ዜሮ ያገኛል፤ «ሂሳብ አይገባውም» ይባላል፤ እሱም ቀስ በቀስ የተባለውን ያምናል። ጉዳዩ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ሐሳቦች ታሪክ ባጭሩ በመተረክ፣ ስሞቹ ከየት እንደ መጡ፣ ከስሞቹ በፊት የነበረው ነገር ምን እንደ ሆነ ማሳየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ነገሩ ከስሙ ይቀድማል

የተሠራን ሥራ ወደ ኋላ መመለስ ሰው በቁጥር መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የነበረ ጉዳይ ነው። መደመርን መቀነስ፣ ማባዛትን ማካፈል ይመልሰዋል። አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛትን የሚመልሰው ደግሞ በአማርኛ ዳግም ዘር ወይም ስኩዌር ሩት የምንለው ነው።

የጥንት ባቢሎናውያን በሸክላ ጽላት ላይ ልዩ ልዩ የሂሳብ ሰንጠረዦች ይጽፉ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ ዓይነት 1 ለየቁጥሩ ሲካፈል የሚገኘውን የሚያሳይ ሲሆን፣ ለማካፈል ሥራ ይጠቅም ነበር። ሌላው ዓይነት የዳግም ዘር ሰንጠረዥ ነው። ከዚህ የምንረዳው ዛሬ በሁለት ቋንቋ መካከል የሚምታቱት ሁለት ሐሳቦች ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በተለያዩ ሰንጠረዦች ላይ ተለይተው ይሠራባቸው እንደ ነበር ነው። ዛሬ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ ትንሽ ጽላት ጎኑ 30 የሆነ ካሬና ማዕዘን ለማዕዘን የሚያቋርጡት መስመሮች ተሥለውበታል። በላዩ የተጻፈው የ2 ዳግም ዘር ወደ እኛ አጻጻፍ ሲመለስ 1.414213 ገደማ ነው። ይህም እስከ አምስተኛው የዴሲማል ቤት ድረስ ትክክል ነው።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓ.ም. በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ሄሮን ደግሞ ዳግም ዘርን የማግኛውን ዘዴ «ሜትሪካ» በተባለው መጽሐፉ አስፍሯል። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ የተገኘው፣ የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1896 ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ገምት፤ ቁጥሩን ለግምትህ አካፍል፤ የግምትህንና የድርሻውን አማካይ ውሰድ፤ ይህንኑ ድገም።

ዘዴውን በአገራችን መለኪያ እንሞክረው። አንድ ጋሻ መሬት በልማድ 40 ሄክታር ገደማ ማለትም 400,000 ካሬ ሜትር ነው ይባላል። መሬቱ አራት ማዕዘኑና አራት ጎኑ እኩል ቢሆን አንዱ ጎን ስንት ሜትር ነው? 600 ብለን እንገምት። 400,000 ለ600 ሲካፈል 666.67 ነው። የሁለቱ አማካይ 633.33 ይሆናል። 400,000 ለ633.33 ሲካፈል 631.58 ነው። የእነዚህ አማካይ 632.46 ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ በመድገም ትክክለኛውን መልስ እስከ ሴንቲሜትር ድረስ አገኘነው። ተማሪው ካልኩሌተር ከመንካቱ በፊት ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራ፣ ዳግም ዘር ማለት የመልስ መንገድ መሆኑን አይረሳም።

2. ሥር፣ ዘርና ምልክቱ

በ820 ገደማ በባግዳድ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም የተገኘበትን መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ የማይታወቀው ቁጥር «ጂዝር» ይባላል፤ ትርጉሙም ሥር ነው። መጽሐፉ ወደ ላቲን ሲተረጐም ቃሉ «ራዲክስ» ተባለ፤ እርሱም ሥር ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ራዲካል» እና የፈረንሳይኛው «ራሲን» ከዚሁ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። በአማርኛ «ዘር» መባሉም ከዚሁ ምሳሌ አልራቀም፤ ቁጥሩ እንደ ተክል ከበቀለበት ነገር ጋር ተያይዞ ተሰይሟል። እንግዲህ በዳግም ዘር ረገድ ዐረብኛውም፣ ፈረንሳይኛውም፣ እንግሊዝኛውም፣ አማርኛውም በአንድ ሐሳብ ላይ ቆመዋል ማለት ይቻላል።

√ የሚለውን ምልክት በታተመ መጽሐፍ የተጠቀመበት ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ ሲሆን ዘመኑም 1525 ነው። ከምልክቱ በላይ የሚዘረጋውን መስመር ያያያዘበት ደግሞ በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ ፈረንሳዊው ደካርት ነው።

3. ግራ የሚያጋባው −1

«ፋንክሽን» የሚለውን ቃል በሂሳብ ውስጥ ያስገባው በ1673 በጻፋቸው ጽሑፎች ላይብኒትዝ ነው። ኦይለር በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ፋንክሽንን የሂሳብ ትንተና ሁሉ መሠረት አድርጎ አቆመው። የኢንቨርስ ፋንክሽን ምልክት የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በ1813 እንግሊዛዊው ጆን ሄርሸል አንድ ፋንክሽን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲሠራ ከፊደሉ ራስጌ 2 እንዲጻፍ፣ ሦስት ጊዜ ሲሠራ 3 እንዲጻፍ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ −1 እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ነገር ግን ከቁጥር ራስጌ ላይ የሚጻፈው −1 ሌላ ትርጉም ነበረው። 5 ራስጌው ላይ −1 ቢኖረው 1/5 ነው። የፋንክሽን ፊደል ራስጌው ላይ −1 ሲኖረው ግን «1 ለፋንክሽኑ ሲካፈል» ማለት አይደለም።

በመሆኑም ተማሪው ሦስት ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የፈረንሳይኛው ቃልና ሁለቱም የሚጋሩት ምልክት። የቃላቱ አመጣጥ ደግሞ አንዱን ቋንቋ ጥፋተኛ ለማለት አያስችለንም። «ኢንቨርስ» የተገለበጠ ከሚል፣ «ሬሲፕሮካል» በመጣበት ተመላሽ ከሚል የላቲን ቃል የተገኙ ናቸው። ሁለቱም ቃላት ለሁለቱም ሐሳቦች ይስማማሉ። እንግሊዝኛው አንዱን መረጠ፤ ፈረንሳይኛው ሌላውን መረጠ።

4. ሁለቱ ቋንቋዎች ወደ እኛ የመጡበት መንገድ

ፈረንሳይኛ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አልነበረም። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ነበረው፤ በ1925 በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ከ1941 ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ፤ የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብም በእንግሊዝኛ ተተከለ። ጅቡቲ በበኩሏ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ስትቀዳጅ ፈረንሳይኛን ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ቀጠለች። በአንድ ሐዲድ በተያያዙ ሁለት ከተማዎች አንድ አልጀብራ በሁለት ቋንቋ የሚሰጠው በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው።

የፈረንሳይኛው ዘመን አሻራውን በአማርኛችን ላይ ትቶ አልፏል። «ለገሃር» የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። «ካሬ ሜትር» ስንልም የምንናገረው የፈረንሳይኛውን «ካሬ» ነው፤ እንግሊዝኛው «ስኩዌር»፣ ጣሊያንኛው «ኳድራቶ» ይላልና። ስለዚህ የሃያብለው ተማሪ በፈረንሳይኛ ክፍል «ራሲን ካሬ» ሲባል ቢሰማ ሊደነግጥ አይገባውም፤ የቃሉን ግማሽ እናቱ መሬት ወይም ምንጣፍ ስትለካ ትጠራዋለች።

5. መመለስ የሚቻለው መቼ ነው?

ከስሙ የጠለቀ አንድ ጥያቄ ይቀራል። እያንዳንዱ ፋንክሽን የመልስ መንገድ አለውን? 3 በራሱ ሲባዛ 9 ነው፤ −3 በራሱ ሲባዛም 9 ነው። 9 ብቻውን ቢሰጠን ወደ የትኛው እንመለስ? አል ኸዋሪዝሚ ይህን የመሰለ ነገር አይቶ ነበር። የቁጥሩ ካሬ 21 ሲጨመርበት የቁጥሩን 10 እጥፍ የሚሆንበትን ቁጥር ሲፈልግ 3ም 7ም መልስ እንደሚሆኑ ጽፏል። እኛም እንፈትሸው፤ 9 ሲደመር 21 30 ነው፤ 49 ሲደመር 21 70 ነው።

የዛሬው ሂሳብ ይህን የሚፈታው በስምምነት ነው። የሚገቡት ቁጥሮች ዜሮና ከዜሮ በላይ የሆኑት ብቻ ይሁኑ እንላለን። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ውጤት አንድ መነሻ ብቻ ይኖረዋል፤ √9ም 3 ብቻ ይሆናል። የራዲካል ፋንክሽን ግራፍ የፓራቦላውን ግማሽ ብቻ አጋድሞ የሚያሳየው ስለዚህ ነው።

ለጅቡቲ ተማሪ ከባሕሩ የሚቀርብ ምሳሌ አይገኝም። ከባሕር ወለል በላይ በአንድ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ሰማይና ባሕር እስከሚገጥሙበት መስመር ድረስ የሚያየው ርቀት በኪሎ ሜትር፣ 3.57 በከፍታው ዳግም ዘር ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ከፍታው በሜትር ይለካል። ከ4 ሜትር 7.14 ኪሎ ሜትር፣ ከ16 ሜትር 14.28 ኪሎ ሜትር ይታያል። እጥፍ ርቀት ለማየት አራት እጥፍ መውጣት ያስፈልጋል። ጥያቄውን ስንገለብጠው፣ ይህን ያህል ርቀት ለማየት ስንት ሜትር ልውጣ የሚለውን እናገኛለን። መልሱም ርቀቱን ለ3.57 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው። ይህ እውነተኛ ኢንቨርስ ነው፤ 1 ለርቀቱ ማካፈል ግን ለተመልካቹ ምንም አይነግረውም።

6. ለመምህራንና ለተማሪዎች

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ይገኛል ብለን እናምናለን። ፋንክሽኑን በስሙ ከማስተዋወቅ በፊት በሥራው እናስተዋውቀው። አንድ ቁጥር እንላክ፤ የወጣውን ተቀብለን ወደ መነሻው እንመልሰው፤ ከተመለሰ መንገዱ ትክክል ነው። ይህ ፈተና በየትኛውም ቋንቋ አይለወጥም። ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ በሰሌዳው ጥግ አራቱን ቃላት በሁለት ረድፍ ቢጽፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ የልጁን ዓመት ግን ሊያድን ይችላል። የተሳሳተ የሚመስል መልስ ሲያጋጥም ደግሞ ከማረም በፊት «ጥያቄውን እንዴት ተረዳኸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ተማሪዎች ደግሞ የሚከተለውን ይሞክሩ። «ቁጥሩን ከ5 ደምር፤ ከድምሩ ዳግም ዘሩን ውሰድ» የሚል ፋንክሽን ተሰጥቷል። 4 ሲገባ ስንት ይወጣል? የወጣውን ወደ 4 የሚመልሰው ፋንክሽን ምን ይመስላል? ወደዚህ መላሽ ፋንክሽን መግባት የማይችሉት የትኞቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ስለ ምን? መልሱን በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ከመሰየማችሁ በፊት በአማርኛ አስረዱ። በገዛ ቋንቋው ማስረዳት የቻለ ተማሪ፣ ስሙ በየድንበሩ ቢለወጥም ነገሩ አይጠፋበትም።