አይፒ አድራሻ፦ ከማን ወደ ማን ይሄዳል? ስደተኛውንስ ምን አገባው?

ስልካችሁ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የሚታወቅበት ቁጥር አይፒ አድራሻ ይባላል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አይታደልም፣ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ማወቅ ብዙ ስደተኞች ለሚጠይቋቸው ሁለት ነገሮች መልስ ይሰጣል፦ «ያለሁበት ቦታ ይታወቅብኛል ወይ?» እና «ምንም ሳላጠፋ ድረ ገጹ ለምን ይዘጋብኛል?»

አከፋፈሉ

ቁጥሮቹን ለዓለም የሚያከፋፍሉት 5 አህጉራዊ መዝጋቢዎች ናቸው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሱዳን፣ ጅቡቲና ግብፅ መቀመጫው ሞሪሸስ በሆነው አፍሪኒክ ሥር ናቸው። የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ አምስተርዳም ባለው ራይፕ ሥር ይመደባሉ። ቴሌኮሞች ቁጥሩን ከመዝጋቢው በጅምላ ወስደው ለደንበኞቻቸው ያድላሉ። በአፍሪኒክ ደንብ መሠረት ቴሌኮሙ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልገው ማስረዳት፣ ለደንበኛ ድርጅቶች የሰጠውንም ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት።

ለምን በጋራ እንጠቀማለን?

አይፒቪ 4 የሚባለው የቆየው የቁጥር ዓይነት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። የዓለም ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 አለቀ። አፍሪኒክም ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ በአንድ ጥያቄ ከ1,024 ቁጥር በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ቴሌኮሞች አንዱን የውጭ ቁጥር ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ የግቢ በር እንደሚወጣና እንደሚገባ ማለት ነው። በሞባይል ዳታ ላይ እያላችሁ የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ያለው ቁጥር በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ በጋራ ቁጥር ላይ ናችሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ቁጥር የሚወጣ ሌላ ሰው አንድን ድረ ገጽ ደጋግሞ ካስቸገረ፣ ድረ ገጹ ቁጥሩን ይዘጋል። እናንተም አብራችሁ ትዘጋላችሁ። አይፒቪ 6 የተባለው አዲሱ ዓይነት እጥረት የለበትም፤ ግን ሁሉም ቴሌኮም ገና አልገባበትም።

ቦታዬ ይታወቃል?

በሕዝብ መዝገቡ ላይ የሚታየው የቴሌኮሙ ስምና አገሩ እንጂ የእናንተ ስም ወይም ቤት አይደለም። ከቁጥሩ ተነስተው ከተማ የሚገምቱ ድረ ገጾችም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ግን ተሰውሬአለሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ቴሌኮሙ የትኛው ሲም በየትኛው ሰዓት በየትኛው ቁጥር እንደወጣ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል፤ የመንግሥት አካልም ሊጠይቀው ይችላል። በስልኩ ጂፒኤስ ቦታችሁን የሚያዩ አፖችም አሉ።

ሲዘጋባችሁ

• የወጣውን ጽሑፍ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስክሪንሾት አንሱ። ቀነ ገደብ ያለው ማመልከቻ ከሆነ፣ ቀኑ ሳያልፍ ለሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁ።
• ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቀይሩ፤ ወይም ስልኩን ለአንድ ደቂቃ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ መልሱት። ብዙ ጊዜ ሌላ ቁጥር ይደርሳችኋል።
• ቪፒኤን ቁጥሩን ይቀይራል፤ ነገር ግን ሌላ አገር ያላችሁ ሊያስመስል ይችላል፤ የሚከለክሉት ድረ ገጾችም አሉ። ያላችሁበት አገር ሕግ ይፈቅድ እንደሆነም አጣሩ።
• «አካውንትህን አስከፍትልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብም የይለፍ ቃልም አትስጡ። የተዘጋው ቁጥሩ ከሆነ፣ እሱ የሚከፍተው ነገር የለም።