ያዩ የቡና ደን (የባዮስፌር ክልል)
ከጅማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በኢሉ አባ ቦር የሚገኝና የዱር ዐረቢካ ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ 167,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነው መሬት በሦስት ቀጠና ተከፈለ፦ በማይነካው እምብርት፣ ቡና በሚለቀምበት መከለያ፣ እርሻና ከተማ ባሉበት የሽግግር ቀጠና። ሰው ከመከለያው ጨርሶ ይውጣ የሚል ክርክር ቢነሳ መሠረት አያጣም፤ ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ሥሩ ሲመነጠር የዋንዛና የብርብራ ችግኝ አብሮ ይታጨዳልና፤ አሮጌው ጥላ ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም። ይሁን እንጂ ከቡናው የሚጠቀመው ገበሬ ከተባረረ ደኑን ከመጥረቢያ የሚጠብቅ ማን ይቀራል? የሚያዋጣው ምንጠራውን በየተራ ማድረግና የእምብርቱን ድንበር ከነዋሪው ጋር በእግር ዞሮ ምልክት ማቆም ነው።