አንድ እጅ ሲያጨበጭብ፦ በቤት ውስጥ የተደራረበ የጊታር ቀረጻ ታሪክ

«አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል ለሥራና ለኑሮ እንደሚሠራ ሁሉ ለሙዚቃም ለረጅም ዘመን ሲሠራ ኖሯል። አንድ ጊታር መቺ በአንድ ጊዜ ሁለት ጊታር ሊመታ፣ ራሱን በራሱ ሊያጅብ አይችልም ነበር። የተመታ ድምፅ አየር ላይ ይበተናል፤ ተበተነ ማለትም አለቀ ማለት ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግን መቅረጸ ድምፅ ይህን የጥንት ወሰን አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙዚቀኛ በመኝታ ቤቱ ተቀምጦ ከራሱ ጋር መጫወት፣ ደጋግሞ ከቀረጻቸው ቅጂዎችም መርጦ አንዱን ከሌላው መቀጠል ቻለ። ይህ ለውጥ እንዴት መጣ? ለሙዚቀኛው ምን ሰጠው? ምንስ ወሰደበት? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በተለይ በሁለት ቤቶች ታሪክ አማካይነት መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚቀረጸው በቀጥታ በሸክላ ላይ ነበር። መርፌው ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ይቀርጸዋል፤ ተጫዋቹ በመጨረሻዋ ምት ላይ ቢሳሳት ሸክላው ይጣላል፣ ሥራውም ከሀ ይጀመራል። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ባለቤቱ ኩባንያው ነው፤ ሰዓቱን የሚቆጥረውም፣ «ይበቃል» ወይም «ይደገም» የሚለውም የኩባንያው ሰው ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥም ሳለ የኒው ኦርሊንሱ የጃዝ ሊቅ ሲድኒ ቤሼ በ1941 ክላርኔቱንም፣ ሳክስፎኑንም፣ ፒያኖውንም፣ ከበሮውንም ብቻውን ተጫውቶ፣ ከሸክላ ወደ ሸክላ እየተላለፈ አንድ ዜማ አስቀርጿል። ሙከራው ድንቅ ነበር፤ የተካሄደው ግን በኩባንያው ስቱዲዮ፣ በኩባንያው መሣሪያ ነው።

መሣሪያውን ወደ ቤት ያስገባው በ1915 በዊስኮንሲን የተወለደው ጊታር መቺ ሌስ ፖል ነው። ይህ ሰው ከጊታሩ ባልተናነሰ ለሽቦና ለብየዳ የተፈጠረ ነበር። በሆሊውድ ቤቱ የመኪና ጋራዥ ውስጥ የራሱን የሸክላ መቅረጫ ሲሠራ፣ ለመዘውሩ የካዲላክ መኪና ፍላይዊል ተጠቀመ። አንዱን የጊታር ድምፅ በሸክላ ይቀርጻል፤ ሸክላውን እያጫወተ ሁለተኛውን ከላዩ ይመታል፤ ሁለቱ ተዋህደው በሌላ ሸክላ ይቀረጻሉ፤ ሥራው እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንዳንዱን ክፍል በግማሽ ፍጥነት ቀርጾ በሙሉ ፍጥነት ሲያጫውተው የሰው ጣት የማይደርስበት ጥድፊያና ቅጥነት ያለው ድምፅ ይወጣለታል። በ1948 የወጣው «ላቨር» የተሰኘው ሥራው ስምንት የጊታር ድምፆች የተደራረቡበት ነው። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ቢሆንም፣ ዘዴው በኋላ ለቦክስ ጊታር መቺውም መንገድ ጠራጊ ሆኗል።

የሸክላው ዘዴ ግን እንከን ነበረበት፤ ድምፁ በተገለበጠ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል። መፍትሔው ከጀርመን መጣ። በ1935 በበርሊን የሬዲዮ ትርዒት ላይ ለሕዝብ የታየው ማግኔቶፎን ድምፅን የሚቀርጸው ማግኔታዊ ቅብ ባለው ጥብጣብ ላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃክ ሙሊን የተባለ አሜሪካዊ መኮንን ሁለት መሣሪያዎችን ፈታትቶ ወደ አገሩ በመላክ በ1946 በሳን ፍራንሲስኮ ለባለሙያዎች አሳየ። የሬዲዮ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ለመቅረጽ ይፈልግ የነበረው ዝነኛው ዘፋኝ ቢንግ ክሮስቢ የአምፔክስን ኩባንያ ደገፈ፤ በ1949ም አንዱን መሣሪያ ለወዳጁ ለሌስ ፖል ሰጠው።

ሌስ ፖል በመሣሪያው ላይ አንድ ተጨማሪ የማንበቢያ ራስ ገጠመበት። ጥብጣቡ በዚህ ራስ ፊት ሲያልፍ የቀድሞው ድምፅ ይነበባል፤ ወዲያው ይደመሰሳል፤ ከአዲሱ ድምፅ ጋር ተዋህዶም እንደገና ይቀረጻል። ነገሩ በአንድ ምላጭ ስለት ላይ እንደመራመድ ነበር። አሥረኛውን ድርብ ሲጨምሩ አንዲት ስሕተት ብትፈጠር ከዚያ በፊት የነበሩት ዘጠኙ ሁሉ አብረው ይጠፋሉና። ሌስ ፖልና ባለቤቱ ዘፋኟ ሜሪ ፎርድ «ሀው ሃይ ዘ ሙን» የተባለውን ዘፈን በኒው ዮርክ ከተማ ጃክሰን ሃይትስ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ዘፈኑ በ1951 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ለዘጠኝ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ታሪኩ የሌስ ፖል ብቻ ተደርጎ ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከገዛ ድምፅዋ ጋር በትንፋሽና በአፍታ ሳትዛነፍ ደጋግማ የገጠመችው ሜሪ ፎርድ መሆኗ ነው። መሣሪያው ተአምር ሠራ ሲባል ተአምሩን የሠራችው ጉሮሮ መረሳት የለባትም።

በ1957 አምፔክስ ለሌስ ፖል ያቀረበው ባለ ስምንት ትራክ መሣሪያ ያን ሥጋት አስወገደ። እያንዳንዱ ድርብ የራሱ መስመር ስላለው አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። ዋጋው ግን 10,000 ዶላር ነበር፤ ይህም ለተራው ሙዚቀኛ ሊታሰብ የማይችል ገንዘብ ነው።

ከመደረብ ጎን ለጎን ሌላ ጥበብ አደገ፤ እርሱም ቆርጦ መቀጠል ነው። በስቱዲዮ ጥብጣብ በአንድ ሴኮንድ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ድምፅ በማስመሪያ የሚለካ ዕቃ ሆነ። ባለሙያው ጥብጣቡን በእጁ እያንቀሳቀሰ ቦታውን በጆሮው ይፈልጋል፤ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ በምላጭ አግድም ሰያፍ ይቆርጠዋል፤ የሁለቱን ቅጂዎች ጫፍ አገናኝቶም በማጣበቂያ ያያይዛል። ቦክስ ጊታር ለዚህ ሥራ ምቹም አስቸጋሪም ነው። ምቹነቱ ክሩ ሲነካ በሚወጣው ድንገተኛ ምት ነው፤ ቆረጣው ከምቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከዋለ ምቱ ራሱ ስፌቱን ይሸፍነዋል። አስቸጋሪነቱ ደግሞ ከኋላ የሚቀረው ርዝራዥ ድምፅ ነው። የቀደመው ምት ሳይከስም ቢቆረጥ ጆሮ ጉድለቱን ያውቃል። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ክሩ ትንሽ ረግቦ፣ ወይም ተጫዋቹ ከማይክሮፎኑ አንድ ጋት ፈቀቅ ብሎ ከነበረ ምላጭ ያን ልዩነት አያድነውም።

ይህ ማታለል አይደለምን? ብለው የጠየቁ ብዙዎች ነበሩ። ለጥያቄው ጠንካራ መልስ የሰጠው በ1964 የመድረክ ጨዋታን የተወው የካናዳው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ነው። በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ከባኽ ፉጋዎች አንዱን ሲቀርጽ ያጋጠመውን ገልጿል። ሁለት ቅጂዎች ያለ ስሕተት ተጠናቀው ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲደመጡ አንድ ወጥና አሰልቺ ሆኑ። ሁለቱ ሲቀጣጠሉ ግን በየግላቸው ያልነበራቸው ሕይወት ተገኘ። እንግዲህ በጉልድ ዘንድ ቆረጣ ስሕተት መደበቂያ ከመሆን አልፎ ማሰቢያ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው። ደራሲ ረቂቁን ሲሰርዝና ሲደልዝ አታላይ ካልተባለ ሙዚቀኛውስ ስለ ምን ይባላል?

ይህ ሁሉ ወደ ተራው ሙዚቀኛ ቤት የገባው በ1979 የጃፓኑ ቲያክ ኩባንያ «ፖርታስቱዲዮ 144» የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ ነው። ሥራው የሚከናወነው በተራ ካሴት ላይ ነበር። ካሴቱ ሳይገለበጥ አራቱም ትራኮች በአንድ አቅጣጫ ይሠራሉ፤ ጥራት ለመጨመርም በእጥፍ ፍጥነት ይዞራል። አራቱ ትራኮች ያልበቁት ሰው ሦስቱን አዋህዶ ወደ አራተኛው በመገልበጥ ሦስቱን ነጻ ያደርጋል፤ ሆኖም በተገለበጠ ቁጥር ሽው የሚለው የጥብጣብ ድምፅ ይጨምራል፣ የተዋሃደውም ተመልሶ አይለይም። ስለዚህ ሙዚቀኛው እያንዳንዱን ውሳኔ በጊዜው መወሰን ነበረበት።

ሁለተኛው ቤት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጥር 1982 ብሩስ ስፕሪንግስቲን በኒው ጀርሲ ኮልትስ ኔክ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ፣ በዚሁ መሣሪያና በሁለት ማይክሮፎኖች ዘፈኖቹን ቀረጸ። ቦክስ ጊታርና ድምፅ መሠረት ሆኑ፤ ሃርሞኒካና የመሳሰሉት በቀሩት ትራኮች ላይ ተደረቡ። ዘፈኖቹ ስለ ወንጀለኞች፣ ስለ ባለዕዳዎች፣ የመኪና ፋብሪካ ተዘግቶበት ሥራ ስላጣ ሰው የሚናገሩ ናቸው። ካሴቱ ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን የታሰበ በመሆኑ ዘፋኙ ያለ ማኅደር በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። በኋላ ዘፈኖቹ በኒው ዮርክ ስቱዲዮ ከሙሉ ባንድ ጋር እንደገና ተሞከሩ። መሣሪያው በለጠ፤ ድምፁ ጠራ፤ ነገር ግን በመኝታ ክፍሉ የነበረው ብቸኝነት ከዘፈኖቹ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። በመጨረሻ ካሴቱ ራሱ በብዙ ችግር ወደ ሸክላ ተገልብጦ በመስከረም 1982 «ኔብራስካ» በሚል ርእስ ወጣ። በ2025 ከባንዱ ጋር የተሠሩት ቅጂዎች ጭምር ለሕዝብ ስለቀረቡ አድማጭ ዛሬ ሁለቱን አስተያይቶ የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዋሽንግተን የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ኪቦርዶቹንና የምት መሣሪያውን ብቻውን ደራርቦ አንድ ካሴት አውጥቷል። ከባንዱ ርቆ የነበረ ሙዚቀኛ የባንዱን ቦታ በገዛ እጁ መሙላቱ ነው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ለአዲስ ትውልድ ደርሷል።

ዛሬ ምላጩም ጥብጣቡም በኮምፒዩተር ተተክተዋል። ቆረጣው ዋናውን ቅጂ አያበላሽም፤ ትራክ አያልቅም፤ አንድን የጊታር ሐረግ ሃምሳ ጊዜ ቀርጾ ከየቅጂው አንዳንድ ምት መልቀም ይቻላል። ዱሮ በአንድ ኩባንያ እጅ የነበረው መሣሪያ በተማሪው ክፍል ውስጥ መገኘቱ ታላቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ ዱሮ የጥብጣቡ ጥበት ይሠራው የነበረው ሥራ ዛሬ በሙዚቀኛው ኅሊና ላይ ወድቋል፤ «ይበቃል» የሚለውን ቃል የሚናገርለት የኩባንያ ሰው የለም። የጃክሰን ሃይትሱ ቤት መጨመርን፣ የኮልትስ ኔኩ ቤት ደግሞ መተውን አስተምረዋል። መሣሪያው አንዲቱን እጅ እንድታጨበጭብ አድርጓታል፤ መቼ ማቆም እንዳለባት የሚያውቀው ግን የባለ እጁ ጆሮ ብቻ ነው።