ስለ እኛ የተጻፈ፣ ወደ እኛ ያልደረሰ

እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ አበባ የተወለደችው ሜሮን ሀደሮ በእንግሊዝኛ በጻፈችው አጭር ልብወለድ የኬን ሽልማትን አሸነፈች። ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት። «ዘ ስትሪት ስዊፕ» የተሰኘው ታሪኳ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ስለሚጠርግ ጌቱ ስለሚባል ወጣት ነው። ዜናውን ብዙዎቻችን ተቀባበልነው። ታሪኩንስ ስንቶቻችን አነበብነው?

አጭር ልብወለድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949፣ «ሌላው መንገድ»ን በ1952 ዓ.ም. በአማርኛ አሳትሟል። በእንግሊዝኛ መጻፉም የቆየ ነው። ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» የተባለውን ረጅም ልብወለዱን እ.ኤ.አ. በ1973 በሄይንማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ አወጣ። ከ20 ዓመት በኋላ በዚያው ተከታታይ የሐማ ቱማ የአጫጭር ልብወለዶች መድበል ታተመ። የመድበሉ ዋና ታሪኮች የደርግን ዘመን ፍርድ ቤት እንደ ቲያትር መድረክ ያሳዩናል፤ ያስቃሉ፣ ሳቁ ግን ይመርራል።

«በእንግሊዝኛ የጻፈ ለፈረንጅ ነው የጻፈው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሐማ ቱማን ቀልድ ከማንም በላይ የሚረዳው ቀበሌ ተሰልፎ፣ የካድሬ ንግግር እያዳመጠ የኖረ ሰው ነው። ችግሩ ያ ሰው መጽሐፉን ማንበብ አለመቻሉ ነው።

የአጭር ልብወለድ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነበር። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳስረዳው፣ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ ያልቃል። ጊዜና ገንዘብ ለሚያጥረው አንባቢ ከዚህ የሚመች ምን አለ? ለትርጉምም እንደ ረጅም ልብወለድ ዓመታት አይፈጅም፤ በስልክ ይላካል።

እኔ ያለሁበትን ኦጎልቾን ውሰዱ። ተማሪው ቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ ገበያ ላይ አማርኛ ይሰማል፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ለዚህ ልጅ የጌቱ ታሪክ በሦስቱም ቋንቋ ቢቀርብለት እንግሊዝኛን ከፈተና ውጭ የሚወድበት ምክንያት ያገኛል።

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የዲከንስን «የሁለት ከተሞች ወግ» ወደ አማርኛ መልሶልናል። የለንደንና የፓሪስን ታሪክ እንዲህ ከተቀበልን፣ የራሳችንን አስፋልት የሚጠርገውን ልጅ ታሪክ ወደ አገሩ ቋንቋዎች መመለስ እንዴት ያቅተናል? አሳታሚዎች፣ ተርጓሚዎች፣ የቋንቋ መምህራን፦ ሥራው የእናንተ ነው። እኛ አንባቢዎች ደግሞ «የት አለ?» ብለን እንጠይቅ።