የምድር ቤቱ ዘበኛ

አዲስ አበባ ውስጥ «ቦይለር» ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነጭ በርሜል ነው። ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮች ግን ቦይለር ሌላ ነገር ነው፤ በምድር ቤት ተቀምጦ ውሃ እያሞቀ ወይም እንፋሎት እያደረገ በቧንቧ ወደየክፍሉ የሚሰድ፣ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቅ ትልቅ ምድጃ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኒሶታ በጥር ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሌሊት ቦይለሩ ድንገት ዝም ቢል ምድጃው ደኅና ሆኖ ጥፋቱ ከአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያቺ ሽቦ እዚያ የደረሰችው ረጅም መንገድ ተጉዛ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ዘበኛ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቦይለር ያለ ሰው አይሠራም ነበር። ከሰል የሚጨምር፣ የውሃውን ልክ በመስታወት ቱቦ የሚመለከት፣ የአየር ማስገቢያውን ክዳን እንደ አስፈላጊነቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ያሻው ነበር። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኋይትዋተር የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ዋረን ጆንሰን በዚህ ሰውዬ ምክንያት ትምህርቱ ይቋረጥበት ነበር። ዘበኛው ሙቀቱን ለማየት በየክፍሉ ዘው ይላል፤ ቴርሞሜትሩን አይቶ ተመልሶ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ጆንሰን ታዲያ መላ ዘየደ። ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት፣ ለምሳሌ ናስና ብረት፣ ጀርባና ሆድ ሆነው ሲጣበቁ ሙቀት እኩል አይለጥጣቸውም፤ ስለዚህ ዝርግዋ ትጎብጣለች። ይህን እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያወቀው ነገር ነበር። ጆንሰን ጉብጠቷን የኤሌክትሪክ ሽቦ መግጠሚያና መለያያ አደረጋትና ምድር ቤት ላለው ዘበኛ ደወል እንድትደውል አደረገ። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው።

ልብ እንበል፤ የመጀመሪያዋ ሽቦ ያደረገችው ወሬ ማድረስ ብቻ ነው። እሳቱን የሚያዘው አሁንም ሰው ነበር።

ሰውየውን ከቦታው ማንቀሳቀስ የጀመረው ከስዊዘርላንድ ሄዶ በሚኒያፖሊስ የከተመው አልበርት በትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 መብቱን ባገኘበት መሣሪያ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሽቦዎቹ ይገጥማሉ፤ ማግኔቱ የአንዲት ሞተር ጥርስ የያዘውን መቆለፊያ ይስባል፤ ሞተሯ ግማሽ ዙር ትዞርና በሰንሰለት የአየር ማስገቢያውን ክዳን ታነሣለች። አየር ያገኘ እሳት ይነድዳል። ክፍሉ ሲሞቅ ሌላ ግማሽ ዙር፤ ክዳኑ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣው ኩባንያ ስሙንም ባለቤቱንም እየለወጠ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1927 ከኢንዲያናው ከማርክ ሃኒዌል ድርጅት ጋር ተዋሐደ።

ይሁን እንጂ ዘበኛው ሲሄድ ዓይኑም አብሮት ሄዷል። ውሃው ማለቁን ማን ያያል? እሳቱ ጠፍቶ ነዳጁ ብቻ ሲፈስስ ማን ይደርስበታል? ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል፤ ቦይለር ሲፈነዳ ሕንፃ የሚያፈርሰው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 በማሳቹሴትስ ግዛት በብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ አሮጌ ቦይለር ፈንድቶ ሕንፃው ተደርምሶ ሲቃጠል 58 ሰዎች አለቁ። እርግጥ የዚያ ጥፋት ከብረቱ ስንጥቅ እንጂ ከዘበኛ ቸልተኝነት አልነበረም። ግን የቦይለር ሕግ እንዲወጣ ያስገደደው እርሱ ነው፤ ማሳቹሴትስ በ1907 ደነገገች፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም የመጀመሪያውን የቦይለር ደንብ በ1915 አወጣ።

ከዚህ በኋላ የዘበኛው ዓይኖች አንድ በአንድ በማብሪያ ማጥፊያዎች ተተኩ። ውሃ ሲጎድል የምትወርድ ተንሳፋፊ ኳስ ሽቦውን ትለያያለች። ውሃው ከልክ በላይ ሲግል የሚለያይ አለ። በነዳጅ ዘይት በሚሠሩት ላይ ቀድሞ የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚጠብቅ ዝርግ ነበር፤ በኋላ የነበልባሉን ብርሃን የምታይ «ዓይን» ተተካች። በጋዝ በሚሠሩት ላይ ደግሞ ጀርመናዊው ዚቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 የደረሰበት ነገር ሥራ አገኘ፦ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በአንድ ጫፍ ተገጥመው ሲግሉ ከአንድ ቮልት ሠላሳኛ እጅ ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ይህች ታክል ኃይል የጋዙን መዝጊያ ከፍታ ትይዛለች፤ መለኮሻዋ እሳት ከጠፋች ኃይሉም ይጠፋና ጋዙ ይዘጋል።

እነዚህ ጠባቂዎች የተሰለፉት በአንድ ሽቦ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ነው። ሁሉም «እሺ» ካላሉ እሳት አይለኮስም። ብልሽት የሚፈለገውም በዚሁ ሰልፍ ላይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ቤቶች መስመሩ 24 ቮልት ነው፤ ሠራተኛው የቴስተሩን ሁለት እግሮች በየማብሪያው ግራና ቀኝ እያኖረ ይለካል። ዜሮ ያሳየው ተላልፏል፤ ሌሎቹ ተላልፈው ሙሉውን 24 ያሳየው ግን መስመሩን የቆረጠው እርሱ ነው። ጀማሪን ግራ ያጋባል፤ ግን የመስኖ ውሃም የሚከማቸው ቦዩ ከተደፈነበት ላይ ነው።

አደጋው የሚመጣው ጥፋተኛው ከተገኘ በኋላ ነው። ቤቱ በርዷል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ሠራተኛ ማስጠራት ውድ ነው። የተቆረጠውን በቁራጭ ሽቦ ማሻገር፣ በእኛ ሠራተኞች ቋንቋ «ዳይሬክት» ማድረግ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቦይለሩ ወዲያው ይነሣል፤ ቤቱም ይሞቃል። ነገር ግን ያ ማብሪያ የተለያየው የጭስ ማውጫው ስለተደፈነ ከሆነ አሁን ጢሱ መኝታ ቤት ይገባል። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በእኛ አገር ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት የተኛውን የሚገድለው ያው ጋዝ።

በዘይት በሚሠራው ላይ ያለችው ቀይ ቁልፍም እንዲሁ ናት። «ዓይኗ» ነበልባል ባላየች ቁጥር መሣሪያው ራሱን ይቆልፋል፤ ቁልፏ ስትጫን እንደገና ይሞክራል። ግን ባልተለኮሰ ቁጥር ዘይት ወደ እሳቱ ቤት ይረጫል፤ ያ ሁሉ በመጨረሻ አንድ ላይ ሲቀጣጠል የምድጃውን በር ሊወረውር ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት የቤቱን ባለቤት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ስንት ጊዜ ተጫኑት?»