«ይሁዳ!»፦ ለመሆኑ ዘፋኝ የማን ነው?

በሜይ 17 ቀን 1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቦብ ዲለን በእንግሊዟ ማንቸስተር ከተማ፣ ፍሪ ትሬድ ሆል በሚባለው አዳራሽ መድረክ ላይ ቆሟል። ዕድሜው ገና 25 አልሞላም። የዝግጅቱን የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻውን፣ በተራ ጊታርና በሃርሞኒካ ተጫውቶ ተጨብጭቦለታል። ከእረፍት መልስ ግን የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ከነባንዱ ወጣ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ፤ በዘፈኖቹ መሐል ሆን ተብሎ፣ ለመረበሽ ይጨበጨብ ነበር። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ሰው ከታዳሚው መሐል «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸ። ዲለን «አላምንህም፤ ውሸታም ነህ» ብሎ መለሰለትና ባንዱ በኃይል ወደ መጨረሻው ዘፈን ገባ።

ይሁዳ ማን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውየው «ዘፈንህ አያምርም» አላለም፤ «ሸጥከን» ነው ያለው። ሊሸጠን የሚችለው ደግሞ የእኛ ነው ያልነው ሰው ብቻ ነው። ዲለን በስድሳ ዓመታት ውስጥ ከአድማጭም ከሃያሲም ጋር ያደረገው ጠብ ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ለመሆኑ መቼ ነው የእነሱ የሆነው?

ትክክለኛ ስሙ ሮበርት ዚመርማን ነው። በ1941 በሚኒሶታ ተወልዶ ሂቢንግ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ አደገ። በ1961 መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ገብቶ በግሪንዊች ቪሌጅ ቡና ቤቶች መዝፈን ጀመረ። በጁላይ 1963 ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንዉድ ድረስ ወርዶ፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን እንዲያስከብሩ በተጠራ ስብሰባ ላይ ዘፈነ። በኦገስት 28 ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ ታላቁን ንግግር ባደረገበት የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ነበር። 22 ዓመቱ ነው። ሰዉ ግን «የትውልዱ ድምፅ» ማለት ጀምሮ ነበር።

የዚያን ዘመን የፎልክ አድማጮች ላይ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልስቅባቸውም። ዘፈን ለእነሱ የትግል መሣሪያ ነበር። በ1964 ክረምት ሚሲሲፒ ውስጥ ሦስት ወጣት የመብት ታጋዮች ተገድለዋል። ሰው በሚሞትበት ሰዓት ግጥም የሚያዋጣላቸው ልጅ «እኔ ስለራሴ ልዘፍን ነው» ሲላቸው ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ጨዋታው ያማረ የሚሆነው ግን አዝማሪው የራሱንም ስለሚጨምር ነው። የፎልክ ጎራው ዲለንን «ተቀበል» ይለው ነበር፤ እሱም ለሁለት ዓመት ያህል ተቀበለ። ከዚያ የራሱን መጨመር ጀመረ።

በ1964 ስለ ፍቅርና ስለራሱ የሚያወራ አልበም ሲያወጣ፣ ሲንግ አውት የተባለው የፎልክ መጽሔት አዘጋጅ አርዊን ሲልበር ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከሕዝብ ርቀሃል የሚል ወቀሳ ነበር። በጁላይ 25 ቀን 1965 ደግሞ በኒውፖርት የፎልክ ፌስቲቫል ከሮክ ባንድ ጋር ወጥቶ ሦስት ዘፈን ብቻ ተጫወተና ከመድረክ ወረደ። ጩኸት ነበር። ምክንያቱን በተመለከተ የነበሩት ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን ተቃውመው ነው ይላል፣ ሌላው ድምፁ ተበላሽቶ ነው፣ ሌላው ደግሞ አጠረብን ብለው ነው ይላል። ዲለን ተመልሶ በተራ ጊታር ሁለት ዘፈን ተጫወተላቸውና ተለያዩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» የወጣው ከኒውፖርት አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር፤ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ዘፈን ሆኖ ሳለ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። ስለዚህ አንዱ አድማጭ ሲጮኽበት ከእሱ የሚበዛ ሌላ አድማጭ እየመጣለት ነበር። «ሸጠን» የሚለውን ክስ ያጠነከረውም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ዲለን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ሮክ ተጫዋች ነበር። በትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ላይ ምኞቱ ሊትል ሪቻርድን መቀላቀል እንደሆነ ተጽፏል። አድማጮቹ «እውነተኛው ዲለን» ያሉት ሰው ራሱ ተለውጦ የመጣ ነበር። እነሱ የደረሱበት ገጽ የመጽሐፉ መጀመሪያ መስሏቸው ነው።

በ1966 ክረምት የሞተር ሳይክል አደጋ ደረሰበትና ለስምንት ዓመት ያህል የኮንሰርት ጉዞ አቆመ። በ1974 ማንቸስተር ላይ አብረውት ከተሰደቡት ሙዚቀኞች ጋር ተመለሰ። እነዚያው ዘፈኖች ነበሩ፤ አሁን ግን ሕዝቡ እየተነሳ ያጨበጭብ ነበር። ክህደት የተባለው ነገር ቅርስ ሆኖ ጠበቀው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ትምህርት «ሊቅ ይቀድማል፣ ሕዝብ ኋላ ይደርሳል» የሚል ነው። ለዘፋኞችም ለደጋፊዎቻቸውም የሚመች አባባል ነው። እኔ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት እላለሁ።

በ1970 ዲለን «ሰልፍ ፖርትሬት» የተባለ ድርብ አልበም አወጣ። ግሪል ማርከስ የተባለው ሃያሲ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ ግምገማውን የጀመረው በስድብ ነው። ይህ ግን የ«ይሁዳ» ዓይነት ጩኸት አልነበረም። ሰውየው አልበሙን አንድ በአንድ ሰምቶ፣ የት እንደደከመ ጽፏል። በ2013 የዚያን ዘመን ያልወጡ ቅጂዎች ተሰብስበው ሲታተሙ አብሮት የወጣውን ጽሑፍ የጻፈው ማን መሰላችሁ? ይኸው ማርከስ። ሥራን የመዘነ ሃያሲ ከ43 ዓመት በኋላም ተመልሶ ሊሰማ ይችላል። ሰውን በክህደት የከሰሰ ግን ለመመለስ መጀመሪያ ክሱን መተው አለበት።

በ1979 ደግሞ ዲለን ክርስቲያን ሆኖ መጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዋርፊልድ ቲያትር በተከታታይ ምሽቶች መንፈሳዊ መዝሙር ብቻ ዘመረ፤ ከድሮው አንድም አልነካም። እንደገና ጩኸት ሆነ፣ ጋዜጦችም ቀለዱበት። የሚገርመው ግን በ1966 «ዘመናዊ ሆነብን» ተብሎ ተወቅሶ፣ አሁን «ወደ ኋላ ቀረብን» ተባለ። መለኪያው ሁልጊዜ ያለፈው ዲለን ነበር። የእነዚያ ምሽቶች ቅጂ በ2017 ሲወጣ፣ ባንዱ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር፣ ዘማሪውም ምን ያህል ከልቡ እንደነበር ብዙ ሃያስያን መሰከሩ።

ታዲያ ሁልጊዜ ትክክል ነበር ማለት ነው? አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ያወጣቸው አንዳንድ አልበሞች ያኔም ደካማ ነበሩ፣ ዛሬም ደካማ ናቸው። ራሱ በ2004 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በ1987 ገደማ ውስጡ ባዶ እንደነበርና ከገዛ ዘፈኖቹ እንደተለያየ ጽፏል። ያን ጊዜ «ከእኛ ቀድሞ ሄዶ ይሆናል» ብሎ ዝም ያለ አድናቂ ያደረገለት ውለታ የለም። ማንቸስተር ላይ የጮኸው ሰው ሳይሰማ ፈረደ፤ ይኸኛው ደግሞ ሳይሰማ አመነ። ሁለቱም ዘፈኑን አልሰሙትም።

የዳነው በሥራ ነው። ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል መንገድ ላይ ሆኖ፣ የድሮዎቹን ዘፈኖች አድማጭ እስኪጠፉበት ድረስ እየለዋወጠ ይጫወት ነበር። በ1997 «ታይም አውት ኦፍ ማይንድ» ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ አገኘ። በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲሰጠው ክርክሩ እንደገና ተነሳ፤ «ዘፈን ሥነ ጽሑፍ ነው ወይ?» ተባለ። እሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ዝም አለ፣ በሥነ ሥርዓቱም ላይ አልተገኘም፤ በእሱ ቦታ ፓቲ ስሚዝ ዘፈነች። ደራስያን የእኛ አይደለም አሉ፣ የዱሮዎቹ ፎልክ ወዳጆች ደግሞ የእኛ ነበር አሉ።

እኛም አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር «እንደ ድሮው አይደለም» እንላለን። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያንን ከማለታችን በፊት ሦስት አራት ጊዜ እንስማው። ደካማ ከሆነም ደካማ ነው ብለን የት ላይ እንደደከመ እንናገር፤ ይህ ንቀት አይደለም፣ አክብሮት ነው። ዘፋኙ ግጥማችንን ሲቀበለን ቆይቶ አንድ ቀን የራሱን ቢያመጣ ግን ከእኛ የሰረቀው ነገር የለም። የእኛ የሆነው ዘፈኑ እንጂ ሰውየው አልነበረም።